ወይዘሮ ጀርም እና አዲሱ ባክቴሪያ

የሰፈሩ ሰው «ወይዘሮ ጀርም» ይላታል። ስሙን ያወጡላት የባሏ እናት ናቸው፤ ለምርቃት ብለው እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ሥራዋ የከተማውን ባቡር በጥጥ ማሸት ነው። ለማጽዳት ቢሆን ማንንም ባልገረመ፤ እሷ ግን መያዣውን፣ ወንበሩንና የትኬት ማሽኑን በባለጥጥ እንጨት ሦስት ሦስት ደቂቃ አሽታ፣ ጥጡን በብልቃጥ ከታ፣ ቆሻሻውን እንደ ዕቁብ ገንዘብ ተጠንቅቃ ላቦራቶሪ ታደርሳለች። እዚያ ዲኤንኤው ሲነበብ ከተሜው ምን ምን ረቂቅ ተሕዋስያን ጨብጦ እንደሚውል ይታወቃል።

«ቆሻሻ የሚጠርግ እንጂ የሚሰበስብ የተማረ ሰው አይቼ አላውቅም» ይላሉ አማቷ። ከሥራ ስትገባ ሁለት ጊዜ ካልታጠበች ልጇን አያስነኳትም።

በስድስት ዓመት ውስጥ አንዴም ያልዘለለችው ደንብ አላት። በየጉዞው አንድ ጥጥ ከፍታ፣ ምንም ሳታስነካ አየር ላይ ይዛ ትቆምና መልሳ ታሽገዋለች። «ባዶ» ይሉታል። ምንም ያልነካ ጥጥ ላይ ባክቴሪያ ከተገኘ ከባቡሩ ሳይሆን ከሠራተኛው መጣ ማለት ነው። ላቦራቶሪ ስትደርስም፣ ናሙና በሚያስረክቡበትና ብልቃጡ በሚከፈትበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላ ባዶ ትከፍትና ቦታና ሰዓቱን ትጽፍበታለች። ተሳፋሪው ይህን ከየት ይወቀው? እንጨት ሽቅብ ይዛ የቆመች ሴት ሲያይ ፈንጠር ይላል። በዚያ ሁሉ ግፊያ መቆሚያ የማይጨንቃት እሷ ብቻ ናት።

አለቃዋ ዶክተሩ ግን ባዶ አይወዱም። «ምንም ለሌለበት ነገር መሣሪያ አይለፋም» ብለው ሁሉንም ሳያስነብቡ እንደታሸገ ፍሪጅ አስገቡት። ጭንብላቸው ሁልጊዜ አገጫቸው ሥር ነው፤ አለዚያ ጢማቸው ይታፈናል። ሲያስቡ የናሙናው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ጢማቸውን ያሻሉ፤ እግዜር ይስጣቸውና ደግሞ ብዙ ያስባሉ።

አንድ ቀን ላቦራቶሪው በደስታ ተናወጠ። በሁሉም የባቡር መስመር ማንም የማያውቀው አንድ ባክቴሪያ ተገኘ! ዶክተሩ በራሳቸው ስም ሊጠሩት ወሰኑ። ይህን ሲያበስሩ ግን አንድ የሙያ ባልደረባቸው፣ «ከሰብሳቢዋ እጅ አለመምጣቱን በምን አወቃችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ሴትየዋ ተጠራች።

«ጓንት አታደርጊም ነበር ማለት ነው።»

«አደርጋለሁ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ከየት መጣ? ከኔ ነው እንዳትይኝ ብቻ!»

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ደረሳት፤ ግልባጩም ፋይሏ ውስጥ ገባ። «በናሙና ሰብሳቢዋ ግድየለሽነት» ይላል፤ ውሏም አይታደስም። እንዲህ የሚል ወረቀት ይዞ የትኛው ላቦራቶሪ በር ይንኳኳል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበራትም።

«ባዶዎቹ ይነበቡ» አለች። ባልደረባቸውም ያንኑ ስለጠየቁ ዶክተሩ እምቢ ማለት አልቻሉም።

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን አነበበቻቸው። ባቡር ላይ የተከፈቱት ንጹሕ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተከፈቱት ግን በአዲሱ ባክቴሪያ ተሞልተዋል። ቴክኒሻኗ ቧንቧውን፣ ፍሪጁን፣ የራሷንም እጅ መረመረች፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ጥጧን ይዛ፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ» አለች። ጢማቸውን የነካው ጥጥ ያንኑ አዲስ ባክቴሪያ ይዞ ተገኘ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው የዶክተሩ ነገር ሆነ፤ ባክቴሪያው የከተማውን ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም። በራሳቸው ስም መጠራቱ እንኳ ተገቢ ነበር።

ዶክተሩ አስጠሯትና የሁለት ዓመት ውል ዘረጉላት።

«ያኛውስ ደብዳቤ?» አለች።

«እሱ እንኳ ፋይል ገብቷል። ማን ያየዋል ብለሽ ነው? ሥራሽ እንደሆነ ተመለሰልሽ፤ ተይው በቃ።»

ስድስት ዓመት የለፋችበት ሥራ በአንድ ገጽ ሲበላሽ ያላዩት እሳቸው፣ አሁን ማንም እንደማያየው ያረጋግጡላታል። ውሉን አልፈረመችም። የቴክኒሻኗን የውጤት ወረቀት አንሥታ በቀጥታ መዝገብ ቤት ወረደች።

«ከዚያ ደብዳቤ ጋር ይያያዝልኝ።»

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ከዚያ በመነጽሯ ላይ ሽቅብ አየቻት።

«ጢም?»

«ጢም።»

ሠራተኛዋ ማኅተሙን አሳረፈችበት።