ተኝቼ ያልሰማሁት መሰርሰሪያ

ድምፄ ከልጅነቴ ጀምሮ ዝቅ ያለ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ "እስቲ ድገሚው" ሳልባል ጥያቄ መልሼ አላውቅም። ተመርቄ አዋሳ ስመደብ ግን ይህ ድምፅ የሚጠቅምበት ቦታ ተገኘ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንዲት እናት ቤት እንሰበሰብ ነበር። ቤቱ ከባህል አዳራሽ ብዙ አይርቅም፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። አንድ በአንድ እንገባለን፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወደ ጓዳ እናልፋለን፤ ከዚያ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ እንዘምራለን። መዝሙር የሚመራው ወንድም የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። ሌላውን ሁሉ ቀንሱ ሲል እኔን ግን "አንቺ ትንሽ ጨምሪ፤ ለመላእክቱም አልደረሳቸውም" ይለኛል። የቤቱ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ።

ቀኝ ጆሮዬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ መግል ይፈሰው ነበር። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም መግሉ ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን አጥንት እየበላው ስለሆነ አጥንቱ ተሰርስሮ መጽዳት እንዳለበት ነገረኝ። በማደንዘዣ ተኛሁ። ስነቃ ራሴ በፋሻ ተጠምጥሟል፤ ውስጡ አንድ ቀጭን ፉጨት አለ። ፋሻው ከተነሳ በኋላም ፉጨቱ አልቆመም።

ሐኪሙ ወደ ግራ ጆሮዬ ተጠግቶ ሳይደብቅ ነገረኝ። መግሉ ደርቋል፤ ነገር ግን የመሰርሰሪያው ጩኸትና ንዝረት በአጥንቱ በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቆ ድምፅ የሚቀበሉትን ስስ ሕዋሳት ጎድቷል፤ ግራውንም በራስ ቅሌ በኩል ነክቶታል አለ። ይመለስልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"የሞተው መልሶ አይበቅልም" አለኝ።

አመስግኜው ወጣሁ። በአውቶቡስ ስመለስ የማስበው፣ በሕይወቴ ከደረሰብኝ ድምፅ ሁሉ ትልቁ እኔ ተኝቼ ሳለሁ ማለፉን ብቻ ነበር። ማልቀስ እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ አልመጣልኝም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄድኩ። ሰው ጆሮዬ ሥር ካልተናገረ ከፉጨቱ በቀር የሚሰማኝ ነገር ስላልነበረ የሰዎቹን ከንፈር እያየሁ ዘመርኩ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ከንፈሮቹ ሁሉ ቆሙ። ሰው የመጣ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። የቤቱ እናት እጄን ያዙኝ። አስተማሪው ወደ ግራ ጆሮዬ ተጠግቶ "የምትጮኺው አንቺ ነሽ" አለኝ። ጩኸቴን እንዲሸፍን ሬዲዮ ከፈቱ። ማንም አልመጣም፤ ሆኖም ያን ቀን መዝሙር አልተደገመም።

ማክሰኞ አስተማሪው መሥሪያ ቤቴ መጣ። ከዚህ በፊት በእንዲህ ያለ ስብሰባ ተይዞ ሦስት ወር ታስሯል። ወደ ግራ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ መሬት መሬቱን እያየ ለጊዜው ከስብሰባው እንድቀር ለመነኝ። እሺ አልኩት። የክፍሉ ሰዎች ሁሉ ቀና ስላሉ እሺ ያልኩት ጮክ ብዬ መሆን አለበት። ሌላ የምሄድበት ቤት እንደሌለኝ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ቤቴ ተቀመጥኩ። በስምንት ሰዓት እናትየው ራሳቸው መጡ። ከአስተማሪው ጋር ተነጋግረው እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት።

"ከእኔ ጎን ትቀመጫለሽ" አሉኝ አፋቸውን ለግራ ጆሮዬ አስጠግተው። "እጄ ጉልበትሽ ላይ ይሆናል። ከፍ ስትይ እጫናለሁ።"

"እማማ፣ ባስይዝዎስ?"

"እጫናለሁ አልኩሽ እኮ።"

ተከትያቸው ሄድኩ። መዝሙሩ ሲጀመር እጃቸው ተጫነኝ፤ ቀነስኩ። እንደገና ተጫነኝ፤ ቀነስኩ። ጉሮሮዬ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ድረስ ቀነስኩ። ያን ጊዜ እጃቸው ቀለል አለ። አስተማሪው ቀና ብሎ አየኝና ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። እየዘመርኩ ይሁን ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አላውቅም። እጃቸውን አያለሁ፤ ካልተጫነኝ እቀጥላለሁ።