እህል የሚመርጠው ወፍጮ

አርብ ገበያ ላይ የኤሌክትሪክ ወፍጮ አለኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሰው የጣለውን ሞተር እየፈታሁና መልሼ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። አሁን ወፍጮውን የምታስኬደው ልጄ ናት። እኔ ከጎን ተቀምጬ እቆጣጠራለሁ፤ እሷ ግን «ይጨቀጭቃሉ» ነው የምትለኝ።

የከተማችን መስመር ከሩቅ ስለሚመጣ በገበያ ቀን ሁሉም ማሽኑን ሲያስነሣ መብራቱ ይደክማል። ብዙ ሰው የደከመ መብራት ጉዳት የለውም፣ የሚያቃጥለው የበዛው ነው ይላል። ስሕተት ነው። የደከመ በሬ ሞፈሩ ሲከብደው ይተኛል፤ ገበሬውም ይፈታዋል። ሞተር ግን መተኛት አያውቅም። ቮልቱ ባነሰ ቁጥር ድንጋዩን ለማዞር ብዙ ከረንት ይስባል፤ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም የሽቦው ጥቅልል ይቃጠላል። ስለዚህ ከሞተሩ በፊት ሪሌ የምትባል ትንሽ ሣጥን አስገብቻለሁ። ቮልቱ ከወሰንኩላት በታች ሲወርድ ሞተሩን ታጠፋለች። ሲመለስም ወዲያው አትለቅም፤ መጽናቱን ታያለች። አቅምን አውቆ መቆም ከሰው የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ እሷ ግን ከብዙዎቻችን ትሻላለች።

ሰው ያልገባውን ነገር ትርጉም ሳይሰጠው አያድርም። ወፍጮው ሲቆም ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች በአፉ የነበረው የማን እህል እንደሆነ መጠያየቅ ጀመሩ። ቀስ እያለም ወፍጮው ደጋግሞ የቆመበት እህል ነውር አለበት ተባለ፤ ድንበር ተገፍቶ ከታረሰ መሬት የመጣ ነው ተባለ። እኔም ሰምቼ በዝምታ አለፍኩ፤ ወሬ በራሱ ጊዜ ይሞታል ብዬ።

አንድ አርብ ረፋዱ ላይ ባሏ በቅርቡ የሞተባት አንዲት ገበሬ የተዝካሩን እህል በአህያ ጭና መጣች። ተዝካሩ እሑድ ነው። እህሏ ተጨምሮ ጥቂት እንደሄደ ወፍጮው ቆመ። ጠበቅን፤ ተነሣ፤ እንደገና ቆመ። ደግሞም ቆመ። ከተሰለፉት አንዷ ለአጠገቧ ሴት የምትናገር መስላ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «ባሏ የገፋው ድንበር ነው መንገድ የዘጋበት» አለች።

ባሏ የሞተባት ሴትዮ ልጄን እህሉን እንድታወርድላት ጠየቀቻት፤ በእጅ ወፍጮ እፈጨዋለሁ አለች። ለድግስ የሚሆን እህል በእጅ ተፈጭቶ ለእሑድ እንደማይደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ ሳታስፈጭ ጭና ከተመለሰች የሟቹ ስም ከእሷ ቀድሞ መንደር ይገባል።

ልጄ ወደ ጎን ጠርታኝ ሪሌዋን አልፈን ሞተሩን በቀጥታ እንድናገናኘው ለመነችኝ። ለዚች እህል ብቻ ነው አለች። አላደርገውም አልኳት። ሞተሩ በዚህ እህል ላይ ቢቃጠል ሴቶቹ «አቆመው» ማለታቸውን ትተው «አቃጠለው» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሟቹን ማንም አያነጻውም።

እኔ ሌላ መላ መታሁ። የሴትዮዋን እህል አስወጥቼ የቤቴን ስንዴ አመጣሁና ሁሉም እያየ ጨመርኩ። ድንበር እንዳልገፋሁ ሀገር ያውቃል፣ በእኔም ላይ ሲቆም ታያላችሁ አልኩ፤ ስለ ሐሜት ኃጢአትም ረዘም አድርጌ ተናገርኩ። ወፍጮው ግን አልቆመም። ስንዴዬን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ምንም ሳይል ፈጨው።

«የጻድቅ እህል እንዲህ ነው የሚወርድ» አለች ያችው ተናጋሪ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ላነሣት ብዬ ጣልኳት።

የነቃችው ልጄ ናት። ከመንገዱ ማዶ ከእኛ ጋር አንድ መስመር የሚጋራ ብየዳ ቤት አለ፤ በገበያ ቀን በርና መስኮት ሲበይድ ነው የሚውለው። «አባዬ፣ ብየዳው እኮ ዝም ብሏል» አለችኝ። እውነትም ዝም ብሏል። ባለቤቱ ሙስሊም ነው፤ ለጁምዓ ሶላት ዘግቶ ሄዷል። ስንዴዬ የተፈጨው እሱ ሲሰግድ ነው።

ልጄ በያጁ ሳይመለስ የተዝካሩን እህል ቶሎ እንጨምረው አለች። ሴትዮዋ ግን ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች።

«ለሰውዬዬ ተደብቄ ላስፈጭለት?» አለች። «ይምጣ። እሱም ይበይድ፣ እነሱም ይዩ።»

ጠበቅን። በያጁ ሲመለስ ነገሩን አስረዳሁት። ሳቀና፣ «እኔ ደግሞ ብየዳዬን የሚያበላሸው የእርስዎ ወፍጮ ነው እያልኩ ስምዎን ሳነሣ ነው የኖርኩት፣ ጋሼ» አለ። ቤት የቀረኝን ስንዴ አምጥቼ ጨመርኩ። ልጄ ከሪሌዋ ጎን የቮልት መለኪያ ያለበትን ሣጥን ከፍታ ሴቶቹን ሰበሰበች፤ መርፌው በቀይ ከተሰመረው በታች ከወረደ ሪሌዋ እንደምታጠፋም ነገረቻቸው። በያጁ ከማዶ መበየድ ሲጀምር መርፌው ወረደ፤ ወፍጮው ስንዴዬን በአፉ እንደያዘ ቆመ። ብየዳው ሲያርፍ መርፌው ተመለሰ፤ ቆይቶም ወፍጮው ተነሣ። አስደገምነው፤ ያው ሆነ።

ያችን ተናጋሪ የእኔም ስንዴ ነውረኛ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ማን ያውቃል፣ ጋሼ፤ ድንበሩን ሄደን አላየነው» አለች።

ሁሉም ሳቁ፤ ሴትዮዋም ሳቀች። እኔ መልስ ነበረኝ፤ ስትስቅ ሳያት ግን ተውኩት።

ከዚያ በያጁ መሣሪያውን አስቀምጦ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ የተዝካሩ እህል ተጨመረ። ሴትዮዋ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል እህሉ ተፈጭቶ አለቀ። አህያው ላይ ሲጫን የጆንያውን አንድ ጫፍ ያነሣችው ያችው ተናጋሪ ነበረች። ይቅርታ ስትጠይቅ አልሰማሁም። ሴትዮዋ ግን ገመዱን እያጠበቀች፣ «እሑድ እንዳትቀሪ» አለቻት።

በማግስቱ መለኪያውን ከሣጥኑ አውጥቼ ወረፋ የሚጠበቅበት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከበያጁ ጋርም እንደ መስኖ ውኃ በተራ ለመሥራት ተስማማን። አልፎ አልፎ ተራው ይረሳል፤ ወፍጮውም ይቆማል። ያን ጊዜ ከሴቶቹ አንዷ ቀና ብላ መርፌውን ታይና ወደ ማዶ ትጣራለች፤ «አንተ፣ አረፍ በል እንጂ፣ እህል ይዘናል።»