የተጠረገው መስቀል

በእኛ አገር በሽተኛ ጠያቂ የራሱን ሰው ብቻ አይቶ አይወጣም። ክፍሉን ሙሉ አልጋ ባልጋ እየዞረ «እግዜር ይማርዎ» ካላለ ነውር ነው። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» እየተባልን ነው ያደግነው። እናቴ ቀዶ ጥገና የተደረገለት እግሯ አመርቅዞ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን ግን ነርሷ ለብቻዬ ጠርታ ሌላ ነገረችኝ። ቁስሏ ላይ የተገኘውን ጀርም የለመድናቸው አንቲባዮቲኮች አይበግሩትም፤ በእጅና በዕቃ ከአልጋ አልጋ ይሻገራል፤ ለብቻዋ ክፍል እስኪገኝላት እሷን የነካ ነገር ሌላውን እንዳይነካ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት?

በማግስቱ የንስሐ አባታችን ከቡሬ በሚኒባስ መጡ። እናቴ መስቀላቸውን ፋሻው ላይ እንዲያሳርፉላት ለመነች፤ አሳረፉላት፤ ተሳለመች። ከዚያ እንደ ደንቡ ወደ ጎረቤት አልጋ ዞሩ። በቀዶ ጥገና የወለደች ወጣት ናት፤ አንገቷን አስግጋ ስትጠብቃቸው ነበር።

«አባ፣ ይቆዩ!» አልኩ። ድምፄ ከልክ በላይ ወጣ፤ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አልኮል የነካ ጥጥ ይዤ ቀረብኩ። «መስቀሉን... ልጥረገው።»

«ምነውሳ! መስቀል ይቆሽሻል እንዴ?» አለች እናቴ።

አባ መስቀሉን ዘረጉልኝ፤ ከዚያም መዳፋቸውን። «መስቀሉስ አይረክስም። እጄ ግን የገበሬ እጅ ነው፤ እሱንም ጥረጊልኝ፣ ልጄ» አሉ። ሀፍረቴን ሊያቀሉልኝ ነው። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለቱንም ጠረግሁ፤ ወጣቷ ተሳለመች። እናቴ ነገሩ ገብቷት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «የጠረግሽው እኔን ነው» አለችኝ ከነጠላው ውስጥ።

ወጣቷ ልጇን ታቅፋ በጤና ወጣች። እናቴም በሌላ መድኃኒት ቁስሏ ደረቀ፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ አያሰጋም ብሏታል። ያደረግሁት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። ማፈሬ ግን አልለቀቀኝም።

አሁን አባ ቤታችን ሲመጡ እናቴ ሁላችንን አስቀድማ መጨረሻ ትሳለማለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት መስቀሉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ታደርገዋለች።