ድረ ገጹ ላይ የቀረው ምንጣፍ

ሐረር ውስጥ ድረ ገጽ ይመረቃል። ሪባን ይቆረጣል፣ በግ ይታረዳል፣ አንድ ኃላፊ ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ ከዚያ ሁሉም እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ ቀን በኋላ ገጹን የሚነካው የለም። እኔ ሥራውን ስጀምር ኤረር በር አጠገብ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ያላት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ሰዎች ድረ ገጽ ያሠሩኛል፤ ከዚያ ጽሑፉንና ፎቶውን በራሳቸው እጅ እየቀየሩ እንዲኖሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አስተምራለሁ። ዕድሜዬን የበላው ይህ ማስተማር የሚሉት ነገር ነው።

«አንቺ እያለሽልን እኛ ምን በወጣን?» ይሉኛል። ስንፍና ትሕትና ለብሶ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚናገረው። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ነበረ። የሱቅህን ፎቶ አምጣ ስለው በወንድሙ ልጅ ሰርግ ላይ፣ ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ የተነሳውን ይዞልኝ መጣ። እንግዲያው እኔ ልምጣና የሞሉትን ጆንያዎች ላንሳ ስለው ዓይን ይበላቸዋል ብሎ ከለከለኝ። ስለዚህ የቅመም ነጋዴው ድረ ገጽ ባዶ ጆንያና ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ብቻ ያሳይ ነበር። ዋጋ እንጻፍ ስለውም «ዋጋ እኮ ሰው ታይቶ ነው የሚነገረው» አለኝ። በዚህች እንኳ አልዋሸም።

አንድ ርዕሰ መምህር ደግሞ ነበሩ። ገጻቸው ሰኔ ላይ ተማሪው ፈተና እየተፈተነ «ምዝገባ ተጀምሯል» ይላል። ማስታወቂያውን እንዲያነሱት ሦስት ጊዜ አስተምሬያቸዋለሁ። ደውዬ ብነግራቸው «ማን ያየዋል ብለሽ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማንም አያየውም። ታዲያ ያ ምስኪን በግ ለምን ታረደ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው፤ የእነሱ ላም ግን ተመርቃ፣ ተጨብጭቦላት ነው ሰማይ የወጣችው።

ከደንበኞቼ ሁሉ ያልናቅኋቸው አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የከተማው ግንብ ውስጥ ያለውን የጥንት ቤታቸውን የእንግዳ ማረፊያ አድርገውት ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩበታል። እንግሊዝኛ አያነቡም። ነገር ግን የትኛው ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ አንዴ ካዩ አይረሱም፤ ሱቄ መጥተው ስሠራ ሲያዩኝ «አሁን እሱን ተጫኚው፣ ከታች ያለውን» ይሉኝ ነበር። እሳቸውን ቢተዋቸው ገጹ በየሳምንቱ አዲስ ይሆን ነበር።

የማይተዋቸው ወንድማቸው ነው። በወጉ «እሳቸው» ልለው ይገባኛል፣ ፊት ለፊትም እንዲያ ነበር የምለው፤ አሁን ስጽፈው ግን እጄ እምቢ አለኝ። ጡረታ የወጣ የመምሪያ ኃላፊ ነው። ጡረታ የወጣው ግን ከደመወዙ ነው እንጂ ከኃላፊነቱ አይደለም። የእህቱ ድረ ገጽ ሲከፈት ሪባኑን የቆረጠው እሱ፣ የተመዘገበው በእሱ ኢሜይልና በእሱ ስልክ ቁጥር። «የቤት ቁልፍ ወንድ እጅ ሲሆን ያምራል» አለኝ። ደንበኛ የቤቱን ቁልፍ ራሱ ይያዝ የሚል ሕግ አለኝና ሁሉንም አስረከብኩ፤ ለእህቱ የሚሰጣት መስሎኝ። ሳምንት ሳይሞላ እኔ እንዳልገባ ብሎ የይለፍ ቃሉን ቀየረው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች።

የገጹ መግቢያ ላይ ያለውን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ትልቁ ክፍል ነው፤ መቀመጫው ነደባ ቀይ ምንጣፍ ለብሷል፣ ግድግዳው ላይ ሳህንና ሰፌድ ተደርድሯል፣ ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ ደግሞ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተቀምጧል። የቤቱን ወግ የሚያውቅ ሰው ያን ጥቅል ሲያይ እዚህ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ብሎ ያነባል። ስትታጭ ይወርዳል። አስጎብኚዎቹ በየቀኑ ለፈረንጅ የሚተርኩት ስለሆነ አላወቅሁም የሚል ሰው ሐረር ውስጥ አይገኝም።

ልጅቷ ከግንቡ ውጪ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቁጥብ፣ የምትናገረውን የምታውቅ ልጅ ናት። ድሬዳዋ ባንክ ለሚሠራ የሐረር ልጅ ታጨች። እናትየው አልሐምዱሊላህ ብለው ምንጣፉን ከበሩ ላይ አወረዱት። ፎቶውን ያሰበው አልነበረም። ከአንድ ሰው በቀር። የሙሽራው አክስት ለወንድሟ ልጅ ሌላ ልጅ አስባለት ስለነበር ነገር ስትፈልግ ነበር፤ ስልኳ ላይ አገኘችው። ሴቶች ለለቅሶ በተሰበሰቡበት ስልኩን እያዞረች «እነዚህ ሰዎች ልጅቷን ሰጥተዋታል ወይስ ገና የተሻለ እየጠበቁ ነው?» አለች። በነጋታው ከሙሽራው ወገን ለእናትየው መልእክት ተላከባቸው፤ ምንጣፉ ሳይወርድ የኒካሑ ቀን አይቆረጥም የሚል።

እናትየው ሱቄ መጡ። ቆመው ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ ምንጣፉን አውርጂልኝ።»

«ከወረደ ቆየ አይደል እንዴ እናቴ?»

«ከቤቱማ ወርዷል። ከዚያኛው ነው ያልወረደው።»

ፎቶውን በጣቴ እንዳላጠፋው የገጹ በር ተቆልፎብኛል። ለሳቸው ነገርኳቸው፤ ያረቢ ብለው ተቀመጡ። ልጃቸው በሰፈሩ አፍ ውስጥ መግባቷ ነው ያሳመማቸው። «ሌላ እየጠበቀች ነው» የተባለች ልጅ ይህ ቢፈርስባት ሁለተኛ የሚጠይቃት አይመጣም ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው ልክ ነበር፤ ወሬ እዚህ ከተማ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ወደ ሐኪም ጋራ፣ ወደ ወንድምየው ቤት ወጣሁ። ጫቱን አስቀምጦ፣ ትራሱን ተደግፎ፣ እንደ ቢሮው ዘመን አስቆመኝ። ጉዳዩን ነገርኩት።

«ድረ ገጽ እንዲህ በስሜት አይነካም» አለ። «ጥናት ይፈልጋል።»

«አንድ ፎቶ ማጥፋት ነው ጋሼ። የይለፍ ቃሉን ይንገሩኝና አሁኑኑ ይወርዳል።»

«ለማንም አይነገርም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይክፈቱት፣ እኔ ዞር እላለሁ።»

ቅጠሉን መምረጥ ጀመረ። ያኔ ገባኝ። ሰውየው የይለፍ ቃሉን ረስቶታል። የረሳ ሰው ሞልቷል፣ እኔም እረሳለሁ፤ ይህ ግን ረሳሁ ከሚል የእህቱ ልጅ ትዳር ቢፈርስ የሚመርጥ ሰው ነበር። ብልሃት ልስጠው ብዬ «ቢጠፋ እንኳ ስልክዎ ላይ ቁጥር ይላካል፤ እሱን ብቻ ያነቡልኛል» አልኩት። «ማን ጠፋ አለሽ?» ብሎ ተቆጣ። «ሳምንት ተመለሺ።» አገር ያስተዳደሩን እነዚህ ናቸው እያልኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ። መድኃኒት ቤት ጎራ ብዬ ልጅቷን አገኘኋት። እጮኛዋ ምን እንደሚል ጠየቅኳት።

«'አክስቴ ናት፣ ታውቂያታለሽ፤ ፎቶውን አውርዱላትና ይለቅ' አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ አላለም።» ለደንበኛ መድኃኒት መቁጠሯን ቀጠለች። «ስለ እኔ የሚባለውን ሰምቷል። መስማቱን ነግሮኛል።»

ባንክ ውስጥ ገንዘብ ቆጥሮ የሚያስረክብ ጎልማሳ አክስቱን «ተዪ» ለማለት ምላሱ ታስሮ ነበር። ከወንድምየው ጋር አንድ ሚዛን ላይ ባስቀምጣቸው ማን እንደሚቀል አላውቅም።

በመጨረሻ እናትየው ራሳቸው ቆረጡ። አክስቲቱን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤታቸው ጠሩ፣ ወንድማቸውን ጠሩ፣ እኔን ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነዪ አሉኝ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት እንዳለቀ ሁላችንም ነደባው ላይ ተቀመጥን። ከበሩ በላይ ያለው እንጨት ባዶ ነው። አክስቲቱ ግን ቀና ብላም አላየችው፤ ዓይኗ እኔ ጉልበት ላይ ነው። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበረ ፎቶው ከላይ ወደ ታች በዝግታ ነበር የሚመጣው፤ መጀመሪያ የታየው ያው ምንጣፍ ሆነ።

«ይኸው» አለች። «ወላሂ እኔ ከራሴ አላመጣሁትም።»

እናትየው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ስልክህን ስጣት።»

«ባትሪዬ ሞቷል» አለ።

ወዲያው ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንድም ሰው አልሳቀበትም፤ ቢስቁበት ይሻለው ነበር። አውጥቶ ሰጠኝ፣ ቁጥሩ ተላከ፣ ገባሁ፤ እነዚያን ሁሉ ሳምንታት ያንገላታን ነገር ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ፎቶውን ራሴ ማጥፋት እችል ነበር። ግን ላፕቶፑን ለእናትየው አቀበልኩ። ገጹ የሳቸው ነው። ጣታቸውን ዘርግተው፣ እንዳስተማርኳቸው፣ ፎቶውን ነኩ፤ ማጥፊያውን ነኩ። ማሽኑ እንደ ልማዱ እርግጠኛ መሆናቸውን ጠየቀ።

ይህን ጊዜ ልጅቷ ከጓዳ መጣችና ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እስካሁን ስለ እሷ ስንነጋገር አንድ ቃል አልተጠየቀችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እጇን እናቷ እጅ ላይ አሳረፈች።

«ተዪው እማ» አለች። «ይቆይ።»

«ምኑ?»

«ምንጣፉ። ይህ ሁሉ ሲባል አንድ ቃል ያልወጣው ሰው ነገ ቤቱ ውስጥ ለእኔ ይናገራል ብዬ አልጠብቅም። ከወሬው ይልቅ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ወንድምየው ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በእጃቸው ዝም አሰኙት። እናትየው ልጃቸውን አዩ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዱዓ ያደረጉ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ አይ፣ ተውኩት የሚለው የትኛው ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ተጫኑት።

አክስቲቱ ከወዲያ ማዶ አንገቷን አስግጋ «ወረደ?» አለች።

«አልወረደም» አሏት። «ቤታችን ልጅ አለችን።»