ያጠፋሁት ጥበቃ

ቃሊቲ ውስጥ ካሉት የእህል መጋዘኖች በአንዱ በር ላይ ያለው ምድር ሚዛን የእኔ ሥራ ነው። ብረቱን አላልኩም፤ የመኪናውን ክብደት የሚያነበውን ትንሽ ኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስገነባው ኮዴን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አንድ ጥበቃ ነበረው፦ ሚሞሪው ውስጥ ለሹፌሩ ስም ከተመደበው ቦታ ወዲያ ዘበኛ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ስሙ ሞልቶ ፈስሶ ቁጥሩን ከነካው ማሽኑ ቀጥ ይላል። ሲቆም ምን እንደሚል ግን እኔ ልጽፍለት ይገባ ነበር። ሰነፍኩ። «ቆይ እመለስበታለሁ» ብዬ ጥበቃውን አጠፋሁት። የኔ ነገር!

ባለፈው ሰኔ ጎረቤታችን የሆኑ የወሎ ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ የነዱ ሐጂ፣ ስንዴ አጉድለዋል ተብለው ከሥራ ታገዱ። እኛ መጋዘን ባራገፉባቸው ሦስት ጊዜያት ሁሉ ሚዛኑ ጭነታቸውን አሳንሶ አሳይቷል። የሌላ ሹፌር አንድም ቀን አልጎደለም። ሰፈሩ ያንሾካሹካል። እኔን ደግሞ ያ ያጠፋሁት ጥበቃ ትዝ ብሎኝ ምግብ አልወርድልሽ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥበቃውን አብርቼ፣ ሲስተሙን እንደገና ገንብቼ ሚዛኑ ላይ ጫንኩት። የሹፌሮቹን ስም አንድ በአንድ አስገባሁ። አለፉ። የሐጂ ስም ብቻ ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ባይቆም ብዬ ተመኘሁ። ካልቆመ ሌባው እሳቸው ናቸው፣ እኔ ነፃ ነኝ። ይህን መመኘቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የፈሩት ይደርሳል፤ ማሽኑ ቀጥ አለ።

ሌሎቹ የተመዘገቡት በራሳቸውና በአባታቸው ስም ነው። ሐጂ ግን ከነማዕረጋቸው ከነአያታቸው ካልሆነ አሻፈረኝ ብለው ነበር። እኔ ቦታውን የለካሁት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ የእኛ አንዱ ፊደል የሦስቱን ቦታ እንደሚይዝ ረስቼ። የተረፈው ስም ጎኑ ያለውን ክብደት ያበላሸው ነበር።

ለመጋዘኑ ኃላፊ ተናግሬ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁን ስሜን ልታሳጥሪው ነው?»

«አይ ሐጂ፣ ቦታውን አሰፋዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔስ ይቅር ብያለሁ ልጄ» አሉ። «ግን የእግዱ ደብዳቤ ላይ የአያቴም ስም አለበት። እሳቸውን ማን ይቅርታ ይጠይቃቸዋል?»