ለሙሽራዋ መኪና የመረጥኩት ማርሚታ

ማርሚታ መምረጥ ሚስት ከመምረጥ ይከብዳል እያልኩ ስንቱን አስቄያለሁ። ለሚስት ሽማግሌ ትልካለህ፣ ዘመድ ታማክራለህ፤ የመኪና ጭስ ማውጫ ግን በገዛ ጆሮህ ብቻ ነው የሚመረጠው። ቀልዱ በራሴ ላይ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መኪናዬ ጥቁር፣ ባለ አራት በር፣ የጀርመን የስፖርት መኪና ናት። በጉብዝናዋ ዘመን ባለሥልጣን ያንቀባረረች ናት፤ እኔ ዘንድ የደረሰችው ወንበሯ ተቀዶ፣ የኋላ መብራቷ በፕላስተር ታስሮ ነው። እኔ ኮልፌ ውስጥ የብረት በርና መስኮት ስሠራ ሃያ አምስት ዓመቴ። ከዚህ እስከ ሞያሌ ያለውን በር ሁሉ የበየድኩት እኔ ነኝ እላለሁ፤ የሚያምነኝ የለም፣ የማይስቅም የለም። ያን ሁሉ ዘመን ብረት መቁረጫው ከጆሮዬ ሥር ሲያፏጭ ኖሯል። ሰው ሲያናግረኝ ግማሹ ካመለጠኝ ቀድሜ ተረብ እወረውራለሁ። ይስቃሉ፤ ሲስቁ ጥያቄው ይረሳል። በዚህ ዘዴ ስንት ጊዜ እንደሸወድኩ፣ እነሱን ይሁን ራሴን፣ እንጃ።

በኋላ በኋላ መኪናዋ ድምፅ አጠራት። መነሳቷን የማውቀው በመሪው መንቀጥቀጥ ሆነ። ማርሚታዋ ታፍኗል ብዬ ፈረድኩ።

ከጀርባ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ኮልፌ ገበያ በርበሬ የሚነግዱ ሽማግሌ ነበሩ። በራችን በተለያየ ቅያስ ነው፤ ግድግዳችን ግን አንድ፣ ያውም ጭቃ። ስለዚህ ሲፈልጉኝ ዞረው አይመጡም። ግድግዳውን በከዘራቸው ሦስቴ ይመቱታል፣ እኔ ዞሬ እሄዳለሁ። ከጊዜ በኋላ መመታቱን የምትነግረኝ ባለቤቴ ሆነች። «ይጠሩሃል እኮ፣ አትሰማም?» ስትለኝ «ሙቀጫ መስሎኝ» እላታለሁ።

ልጃቸውን ሊድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀር አስጠሩኝ።

«ሙሽራዋ በአንተ መኪና ነው የምትሄደው» አሉኝ ጆሮዬ ሥር ተጠግተው። እሳቸው ሁልጊዜ ተጠግተው ነበር የሚያወሩኝ። ምናልባት ያወቁብኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ አልወርድም ብላ ብታስቸግርስ? እኔ ሦስተኛ ሚዜ ሆኜ ልቀር ነው?»

«አንተ ተረበኛ! ብቻ ድምጿን አስተካክላት። እኔ እናቷን ሳመጣት የተከራየሁት መኪና አቀበቱ ላይ ቆሞብኝ፣ ሱፋችንን እንደለበስን ገፍተን ነው የገባነው። መንደሩ ሁሉ ሳቀብን። የልጄ እንኳ አገር ሰምቶት ይግባ።»

«ቆሼ ቆሻሻ መጣያ ያለው አሞራ ሁሉ ይነሳል ጋሼ፤ ቃሌ ነው!»

ሠርጉ እሑድ ሊሆን፣ ሐሙስ ጠዋት ወደ ማርሚታ ሰሪው ሄድኩ። ባለቤቴ የወለደች እህቷን ልታርስ ሳንሱሲ ከሄደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እንደ ድንጋይ ተኝቼ አድሬ፣ እያፏጨሁ ወጣሁ። ማፏጨቴን እንኳ የማውቀው በከንፈሬ ነው።

ማርሚታ ሰሪው ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። መኪናዋን ከጉድጓዱ በላይ አቁሞ ሦስት ማርሚታ በተራ ገጠመላት። የመጀመሪያው ከፋብሪካ ይዛው ከመጣችው ጋር አንድ ዓይነት ነው። አስነሳው።

«ይሄማ የጾመኛ ሆድ ነው» አልኩት። «ቀጥል!»

ሁለተኛውን ገጠመ። «ይሄን ውሰድ» አለ አፉን ወደኔ አዙሮ። «ሲነሳ ያጉረመርማል፣ ሲጓዝ ረጋ ይላል። ለትልቅ ሰው የሚሆን ነው።»

«ጉንፋን የያዘው ድመት! ሌላ የለህም?»

ሦስተኛውን ለማውጣት አቅማማ። ውስጡ ምንም የለውም፤ ዝም ብሎ ቱቦ ነው። አንድ ጎረምሳ አሠርቶት ሰፈሩ ስላባረረው መልሶ ያመጣው ነው አለኝ። አስነሳውና ነዳጅ ሰጠው። ደረቴ ውስጥ ገባ! ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መኪናዬ ከሩቅ ጠራችኝ፤ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ቀና ስል ሰውዬው ሁለት ጆሮውን ይዟል፣ ማዶ ያለችው ሻይ ሻጭ ብርጭቆዎቿን አቅፋለች።

«አሁን ገና መኪና ሆነች! ትንሽ አይጨምርም?» አልኩ።

ጋራዡ በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ወደ ጋሼ ቅያስ ታጠፍኩ፣ ድምጿን ላሰማቸው። ከበራቸው ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ሰው ሞልቷል። እኛ ሰፈር ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳኑ አንድ ነው፤ አግዳሚውም ድስቱም ያው። የሚለየው ድምፁ ነው። ጋሼ ቸኩለው ቀድመው አስተከሉት፣ ሽንኩርት ሊያስከትፉ ይሆናል አልኩ። ደስ አለኝ። ሠርገኛ እንደሚያደርገው ክላክሱን እያንቧረቅኩ፣ ነዳጁን እየረገጥኩ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ደረስኩ።

የእድሩ ዳኛ እጁን እያወራጨ መጣ። አፉ ይንቀሳቀሳል። በዛ፣ ቀንስ የሚለኝ መሰለኝ።

«ገና ምኑ ታይቶ!» አልኩት በመስኮት። «እሑድ ነው ጉዱ! ጋሼን ጥሩልኝ፣ ይስሙት!»

ሰዉ ሁሉ ቆመ። እንዲያ ዓይነት ፊት አይቼ አላውቅም። መኻሉን ሰንጥቃ ሙሽራዋ ወጣች፤ ጥቁር ለብሳለች። ሞተሩን ያጠፋው የኔ እጅ ይሁን የዳኛው አላስታውስም። መስኮቱ ጋ ቆማ አንድ ነገር አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

ደገመችው።

«ምን?»

ሦስተኛውን የአንገቷ ሥር ተገታትሮ ጮኸች። ያን ሰማሁት። «ንጋት ላይ ግድግዳውን ደበደብኩት! በከዘራው፣ በድንጋይ ደበደብኩት! ስልክዎ ላይ ደወልኩ! መኪና ጠፍቶ ነው አባዬ እጄ ላይ የቀረው!»

ስልኬን አወጣሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ተደውሏል። ኋላ እንደነገሩኝ የእድሩ ጥሩንባ ነፊም በእኔ በር ሁለቴ አልፏል።

«አልሰማም» አልኩ። ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መንደር ፊት። «ጆሮዬ አይሰማም።»

ከኋላ አንድ ሰው ከልማዱ የተነሳ ሳቀ። ሌላው በክርኑ ጎሰመው።

ወደ ቀብሩ በእግሬ ሄድኩ። ብሰማ ኖሮ ይተርፉ ነበር ወይ ብዬ የጠየቅኩት ሐኪም የለም፤ መልሱን አልፈልገውም። አሁን የቤታችንን ግድግዳ ባለፍኩ ቁጥር በመዳፌ እነካዋለሁ። በልጅቷ በኩል ጭቃው ተቦርቡሯል፤ ማንም አልደፈነውም።

ሠርጉ ተራዝሞ ነበር፤ ዓመት ሊሞላ ሲል ልጅቷ መጣች። ባለቤቴ አስገባቻት። ከፊቴ ተቀምጣ፣ ቃሉን እየለየች፣ ጮክ ብላ፣ ያለ ቁጣ ተናገረች። «ጋሼ፣ አባዬ መኪናዋን መርጧል። በእሷ ነው የምሄደው። የሚነዳት ግን ሌላ ሰው ይሁን።»

አንድ ተረብ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

በማግስቱ ማርሚታ ሰሪው ዘንድ ሄጄ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «አንተ ምረጥ» አልኩት። ቱቦውን ፈትቶ ሁለተኛውን ገጠመ። አስነሳት፤ ከንፈሩን አየሁት፣ «ጥሩ ነው» ይላል። አመንኩት።

የሠርጉ ዕለት ያው ድንኳን ተተከለ። ሙሽራዋ ገባች፣ የሙሽራው ወንድም መሪውን ያዘ። እኔ ከኋላ ቆሜ መዳፌን የሻንጣ መጫኛዋ ክዳን ላይ ጣል አድርጌ ነበር።

«ተነሳች?» አልኩ አጠገቤ ላለው ሰው።

መልሱ ሳይደርሰኝ ከእጄ ሥር ሄደች።