በጤናዬ ስም የተነዳው መንገድ

ጤናዬ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። በዴንቨር መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን በሚሉት፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች፣ በምሳ ሰዓቷ መጽሐፉን ከመዝገበ ቃላት ጋር እያመሳከረች ሰባት ወር አጠናች። ስለ አየር ፍሬን የሚያወራውን ምዕራፍ እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር። ጊዜው በፈረንጆች 1996 ነው። ፈቃዱ እጇ የገባ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለት አስገባች።

ባሏ አባይነህ በሥራው አራት ዓመት ይቀድማታል። ወዲያው ሁለቱን አንድ መኪና ላይ የሚቀጥር ድርጅት አገኙ። ሕጉ አንድ ሾፌር አሥር ሰዓት ከነዳ በኋላ ስምንት ሰዓት ሳያርፍ መሪ እንዳይዝ ይከለክላል። ሁለት ሾፌር ካለ ግን አንዱ ከመቀመጫው ኋላ ባለው አልጋ ተኝቶ ሌላው ይነዳል፤ መኪናው አይቆምም። እያንዳንዱ ሾፌር የነዳበትንና ያረፈበትን ሰዓት ሎግ ቡክ በሚባለው ደብተር ላይ በመስመር ያሰምራል፣ ከታች ይፈርማል።

ይህ ደብተሩ ላይ ነው። መኪናው ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። ጤናዬ መሪ በያዘችበት የመጀመሪያ ሳምንት አባይነህ አልጋው ላይ ሆኖ በመጋረጃው ክፍተት መንገዱን ሲጠብቅ ሰነበተ። ሴት እየነዳች እንቅልፍ አይወስደኝም አለ። በሁለተኛው ሳምንት መቶ ማይል እንኳ ሳትነዳ አስቆማት። በሦስተኛው ሳምንት መሪውን ጨርሶ ነጠቃት። የራሱን አሥር ሰዓት ይነዳል፤ የእሷንም ይነዳል። ሲቆሙ በእሷ ደብተር ላይ መስመሩን ያሰምርና ወደ እሷ ይገፋዋል፤ እሷም ትፈርማለች። ለምን እንደፈረመች ኋላ ስትጠየቅ መልሷ አጭር ነበር፤ ጠብ ፈርታ ነው። ጠቡ ግን አልቀረላትም። ካርታ ስታነብ ያርማታል፤ ዝም ስትል አኮረፍሽ ይላታል፤ ነዳጅ ማደያ ላይ ሌሎች ሾፌሮች ሲያገኙ "ይቺ ተሳፋሪዬ ናት" እያለ ያስቅባታል።

በጥር ወር ድርጅቱ በየመኪናው ጣሪያ ላይ የተደፋ ድስት የመሰለ ነጭ ነገር አስተከለ። መኪናው የት እንዳለ በሳተላይት ለቢሮው ይናገራል። መሪው አጠገብ ደግሞ ከቢሮው ጋር መልእክት የሚጻጻፉበት ትንሽ ኪቦርድ ተገጠመ። ቢሮው የሳተላይቱን ወሬ ከደብተሩ ጋር ያመሳክር ጀመር፤ ብቻቸውን እየነዱ አሥራ ስድስቱን ሰዓት አሥር ብለው የሚጽፉት ሾፌሮች አንድ በአንድ ተያዙ። አባይነህ ግን ሳቀባቸው።

"የሚያየው መኪናውን ነው" አለ። "የሚነዳው ቀሚስ ይልበስ ሱሪ በምን ያውቃል?"

"ታዲያ የእኔን ሰዓት እኔው ልንዳው" አለችው።

"አንቺ ወረቀት አለሽ እንጂ እጅ የለሽም።"

በመጋቢት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ነብራስካ ውስጥ አባይነህ አሥራ አምስተኛ ሰዓቱን እየነዳ ነበር። ከሀይዌዩ ሊወጣ ሲታጠፍ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ከኋላ የሚጎተተው ትሬለር የመንገዱን ዳር የሲሚንቶ መከለያ እየላጠ ሄዶ ጎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀደደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአጠገባቸው ሌላ መኪና አልነበረም። ጤናዬ ከአልጋው ተወርውራ ግንባሯ አበጠ። መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ አባይነህ "ተርፈሻል?" አላላትም፤ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። ከትከሻው ኋላ ሆና አነበበችው። መኪናው እንደተጋጨ ለቢሮው ነግሯል። ስትነዳ የነበረችው ጤናዬ ናት ብሏል።

ምክንያቱን ሳይሸሽግ ነገራት። ደብተሩ ላይ በዚያ ሰዓት የምትነዳው እሷ ናት። እኔ ነበርኩ ቢል ከሰዓቱ አልፎ መንዳቱ ይታወቃል፣ ይባረራል። በዚያ ላይ የፍጥነት ቅጣቶች አሉበት፤ አንድ ከተጨመረ ፈቃዱ ይታገዳል። የእሷ ንጹሕ ነው፤ አንድ አደጋ ይችላል አለ። ጤናዬ ግን በሥራው አንድ ዓመት ያልሞላው ሾፌር ስሙ በአደጋ ከተነሣ ኢንሹራንስ የሚቀበለው እንደሌለ ታውቃለች። ያ ፈቃድ በሕይወቷ ማንም ሳይረዳት በራሷ ያገኘችው ነገር ነበር።

ቢሮው የአደጋውን ሪፖርት ሰኞ መጥታ እንድትፈርም ቀጠራት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ወዳለው አፓርታማቸው አባይነህ ሽማግሌ ይዞ መጣ። አንደኛው ጓደኛው ወርቁ ነው፤ ሥራው ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የደንበኛ መኪና ማቆም ነው፣ ምላሱም ስለታም ነው። ሁለተኛው በአገር ቤት ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የጨረሱት፣ ሰባ ያለፋቸው ጋሽ ብርሃነመስቀል ናቸው።

ወርቁ ጀመረ። ስለ ትዳር፣ ስለ ትዕግሥት፣ በሰው አገር ስላለ ብቸኝነት ብዙ ተናገረና ወደ ጉዳዩ ገባ።

"አንዲት ፊርማ ናት እኮ እህቴ። ባል ይሻልሻል ወረቀት?"

"ለባሌ ወረቀቱ ባይሻለው ኖሮ እናንተን ይዞ አይመጣም ነበር" አለች።

ጋሽ ብርሃነመስቀል እጃቸውን አነሡና ሁለቱንም ዝም አሰኙ። የሽምግልና ወግ መጀመሪያ የበደለው በደሉን ማመኑ ነው፤ ይቅርታ የሚለመነው ከዚያ ወዲያ ነው አሉ። አባይነህ ተነሥቶ የሆነውን ከመነሻው እንዲናገር አዘዙት። አባይነህ ለወጉ ያህል ነው ብሎ ተነሣ። እንቅልፍ እንደጣለው፣ መከለያውን እንደመታ ነገራቸው።

"መሪውን የያዘው ማን ነበር?" አሉት ሽማግሌው።

"እኔ ነኝ። እሷ ተኝታ ነበር። ለዚህም ይቅርታ ታድርግልኝ" ብሎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

"እንግዲህ እኔ ምን ልበላት?" አሉ። "አርባ ዓመት የሰው ቃል ስጽፍ ኖርኩ። አንተ እኔ ነኝ ስትል በጆሮዬ ሰምቼ፣ እሷን እኔ ነኝ በዪ አልላትም። ይቅርታውን እለምንልሃለሁ። ፊርማውን አልለምንም።"

ወርቁ ለማስታረቅ እንጂ ለመፍረድ እንዳልመጡ ተቆጥቶ ተናገረ። አባይነህ ደግሞ በሽማግሌ ፊት የማይባል ተናገረ፤ ልጃቸው ካልነዳቻቸው ቤተ ክርስቲያን እንኳ የማይደርሱ ሰው ስለ መኪና ምን ያውቃሉ አለ። ሽማግሌው ወደ ጤናዬ ዞረው ይቅር እንድትለው ለመኗት።

"ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ" አለች። "ነገ ግን እውነቱን እናገራለሁ።"

"ነገ ከተናገርሽ ከነገ ወዲያ ባል የለሽም" አላት አባይነህ።

በማግስቱ ቢሮ ስትገባ የደኅንነት ክፍሉ ኃላፊ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ፣ የተጻፈውን ሪፖርት ገፋላት። እሷ ባዶ ወረቀት ጠየቀች። በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ጻፈች። አደጋው ሲደርስ ተኝታ ነበር። ባለፉት ወራት በደብተሯ ላይ ነዳች የተባለችውን አልነዳችም። መስመሩን ያሰመረው ሌላ ነው፤ ከታች የፈረመችው ግን እሷ ናት፤ ጥፋቷ ነው። ሰውዬው አነበበና ለዚህ እንደሚያባርራት ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አውቃለሁ አለች። ይህን ሁሉ ወር የሚተኛ ሾፌር ስንቀጥር ኖረናል ብሎ ተሳለቀባት። ከዚያ አባይነህን አስጠርቶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው። አባይነህ እሷ ናት ስትነዳ የነበረችው ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይን ዓይኑን ስታየው ግን እንደ ትናንቱ እኔ ነኝ አለ። እስከ ቀትር ሁለቱም ተባረሩ። አደጋው በአባይነህ ስም ተመዘገበ።

አባይነህ እንደዛተው ልብሱን ጠቅልሎ ሎውሪ በሚባል ሰፈር ከሚኖረው ከወርቁ ጋር ገባ። ቆይቶም አብሮት ዳውንታውን መኪና ማቆም ጀመረ። በፒዮሪያ በኩል ያሉ ሴቶች ጤናዬን ባሏን ለፈረንጅ የሰጠች እያሉ ያሙዋት ነበር፤ አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላምታዋን አይቀበሉም። ሥራም ቶሎ አልተገኘም። በሄደችበት ሁሉ ለምን እንደተባረረች ሳትደብቅ ትናገራለች፤ ሁለት ድርጅቶች እዚያው ቁጭ ባለችበት አሰናበቷት። ሦስተኛው ግሪሊ ከምትባል ከተማ ሽንኩርት የሚያመላልስ፣ ስድስት መኪና ያለው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ትሬለሩን ወደ ኋላ ነድታ እንድታስጠጋ አዘዛት። ብዙ ነድታ ስለማታውቅ ለምልክት የቆመውን በርሜል ገጨችው። ሰውዬው ሲሳደብ ቆየና፣ ለአንድ ወር አብሮሽ የሚቀመጥ ሰው እሰጥሻለሁ፣ ከዚያ ካልቻልሽ ትሄጃለሽ አላት። ቻለች። አምላኳን ማታ ስታመሰግን ያንን ተሳዳቢ ሰውዬ በስሙ ትጠራለታለች።

በመስከረም ወርቁ ስልክ ደወለ። አባይነህ ለመታረቅ ፈቃደኛ ነው፤ መንዳቱን ከተወች ወደ ቤቱ ይመለሳል አላት።

"መታረቁን እኔም እወዳለሁ" አለችው። "መንዳቴን ግን አልተውም፤ ይህን አስቀድመህ ንገረው። እሱን ሰምቶ መምጣት ከፈለገ ጋሽ ብርሃነመስቀልን ይቅርታ ጠይቆ ይዟቸው ይምጣ። እሑድ ይሁን፤ ሌላውን ቀን መንገድ ላይ ነኝ።"

ወርቁ እሑድ በስንት ሰዓት እንደሚመቻት ጠየቃት።